ሕፃናትን ስለ ኃይልና ስለ እንቅስቃሴ በሜዳ ላይ ስለ ማስተማር

በየገጠሩ ትምህርት ቤት ለምታስተምሩ መምህራን፥ ማንበብም ለምትችሉ የአገር ሽማግሎች።

ሕፃን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ ብዙ ዕውቀት በእጁና በእግሩ ይዞ ይመጣል። ጥጃ በገመድ ስቧል፤ የወደቀ ግንድ ገፍቷል፤ ድንጋይ በቁልቁለት አንከባሏል፤ ቸርኬ ነድቷል፤ በክረምትም ጭቃ አዳልጦት ወድቋል። መግፋትና መሳብ፥ መንከባለልና መውደቅ ምን እንደ ሆኑ ሰውነቱ ያውቃቸዋል፤ ነገር ግን ያወቀውን ለይቶ ለመናገር ገና ቃል አላገኘለትም። እንግዲህ ስለ ኃይልና ስለ እንቅስቃሴ የሚያስተምር መምህር ዋና ሥራው፥ ልጁ በሰውነቱ ያወቀውን በዓይኑ ያስተውለው ዘንድ፥ በቃሉም ይናገረው ዘንድ መርዳት ነው። ለዚህም ሥራ ከክፍል ይልቅ ሜዳ ይመቻል፤ ቁልቁለቱም፥ ሣሩም፥ አፈሩም ያሉት በዚያ ነውና።

ስለ ኃይልና ስለ እንቅስቃሴ የሚነገረው ነገር ብዙ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናብራራው ግን አንዱን ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም የሚንቀሳቀስ ነገር ስለምን ይቆማል የሚለው ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት፥ ከሁሉ ይልቅ ለማስተማር የሚያስቸግረው እርሱ ስለ ሆነ፥ በኋላም እንደምናሳየው የልጆችን ሕይወት የሚነካ ስለ ሆነ ነው።

የተንከባለለ ድንጋይ ስለምን እንደ ቆመ አንድ ልጅ ብትጠይቁት፥ «ጉልበቱ አለቀ» ይላችኋል። ሽማግሌም ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ ይህንኑ ትሰማላችሁ። መልሱ የሞኝ መልስ አይደለምና መምህሩ አይሳቅበት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ታላቁ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ፥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ሊኖረው ይገባል፤ የተወረወረም ድንጋይ ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚሄደው አየሩ እየገፋው ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። ከእርሱ በኋላ ከ800 ዓመት በላይ አልፎ፥ በ6ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ይህን ነቀፈ፤ ወርዋሪው ለድንጋዩ የሚያሳድርበት ኃይል አለ፥ ያም ኃይል ጥቂት በጥቂት ያልቃል አለ። ስለዚህ የእረኛው ልጅ «ጉልበቱ አለቀ» ሲል፥ ሳያውቀው የእስክንድርያውን ሊቅ ቃል ይናገራል ማለት ነው። የኢጣሊያው ጋሊሌዎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ፥ እንግሊዛዊውም ይስሐቅ ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን እስኪያቀኑት ድረስ፥ የዓለም ሊቃውንት በዚህ ጥያቄ 2000 ዓመት ያህል ደክመዋል። ሊቃውንት ይህን ያህል ዘመን የደከሙበትን ነገር አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በአንዲት ቃል እንዲረዳው መጠበቅ አይገባም።

ኒውተን የደነገገው ሕግ ይህ ነው፤ የቆመ ነገር ኃይል ካልነካው በቀር እንደ ቆመ ይኖራል፤ የሚሄድም ነገር ኃይል ካልከለከለው በቀር ባንድ ፍጥነት በቀጥታ መንገድ ይሄዳል። አንዳንድ መምህራን ይህን ቃል በሰሌዳ ላይ ጽፈው፥ ልጆቹም ገልብጠው በቃላቸው እስኪይዙት ድረስ ያስጮኹታል። ልጆቹም በፈተና ቀን አሳምረው ይጽፉታል፤ ከዚያም ወደ ውጭ ወጥተው ድንጋይ ሲያንከባልሉ «ጉልበቱ አለቀ» ይላሉ። እንዲህ ያለው ትምህርት ከአለመማር የሚከፋበት ነገር አለው፤ ምክንያቱም ልጁ በትምህርት ቤት የሚነገረው ቃልና በዓይኑ የሚያየው ነገር ሁለት ልዩ ልዩ ዓለም ናቸው ብሎ ያስባል። ይህ ሐሳብ አንድ ጊዜ ከገባበት ኋላ ለማስወጣት እጅግ ይከብዳል።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ለዚህ ትምህርት ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አያስፈልግም። ለገና ጨዋታ የሚሆን አንድ እሩር፥ ወይም ልሙጥና ድቡልቡል የሆነ ድንጋይ፤ ለሁለት የተፈለጠና ውስጡ የጸዳ አንድ ቀርከሃ፤ ጥቂት ችካል፤ አንድ ገመድ ይበቃል። ቀርከሃ በማይገኝበት አገር ከጭቃ የተሠራና በእጅ የተለሰለሰ ቦይ በእርሱ ፈንታ ይሆናል። ስፍራው ሦስት ዓይነት መሬት ይፈልጋል፤ ሣር ያለበት መስክ፥ አፈር የበዛበት መንገድ፥ ተለቅልቆ የደረቀ አውድማ። ስለ አውድማው አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። አውድማ እህል የሚወቃበት የተከበረ ስፍራ ነውና፥ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ልጆችን ይዞ መግባት ነውር ነው። ውቂያው ተፈጽሞ እህሉ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ ባለቤቱን በትሕትና ለምኖ፥ ጫማ ማውለቅ ልማድ በሆነበት አገርም ጫማን አውልቆ መግባት ይገባል። ባለቤቱ ራሱ ቆሞ እንዲመለከት ቢጋበዝ ደግሞ ይልቅ መልካም ነው።

ቀርከሃው ባንድ ወገን ሁለት ስንዝር ከፍታ ባለው ድንጋይ ላይ ይደገፋል፤ እሩሩም ከላይኛው ጫፍ ሳይገፋ ይለቀቃል። ሳይገፋ ያልንበትን ምክንያት መምህሩ በሚገባ ያስተውል። በእጅ ቢገፋ አንዱ ልጅ አጠንክሮ፥ ሌላው አላልቶ ይገፋዋል፤ ከአንድ ከፍታ ሲለቀቅ ግን ሁልጊዜ ባንድ ዓይነት ፍጥነት ወደ መሬት ይደርሳል። እንግዲህ የሚለየው መሬቱ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ልጆቹ ብዙ ከሆኑ በስድስት በስድስት ይከፈሉና አንዱ ይልቀቅ፥ አንዱ ይመልከት፥ ሁለቱ በክንድ ይስፈሩ፥ አንዱ ቁጥሩን በመሬት ላይ ይጻፍ፥ አንዱ ላልተመለከቱት ይናገር። ሥራውም እየዞረ ለሁሉ ይድረስ።

ከመልቀቃቸው በፊት ግን እያንዳንዱ ክፍል እሩሩ የሚቆምበትን ስፍራ ገምቶ ችካል ይትከል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በኛ አስተያየት ግን የትምህርቱ ነፍስ ይህ ነው። ያልገመተ ልጅ የሚያየውን ሁሉ «አዎን፥ እንዲህ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ችካል የተከለ ልጅ ግን እሩሩ ከችካሉ አልፎ ሲሄድ ይደነግጣል፥ ስለምን እንደ ሆነም ይጠይቃል። መምህሩም ግምቱ የሳተበትን ልጅ አይንቀፈው፥ ሌሎቹም እንዲስቁበት አይፍቀድ። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ አይገምትም፤ የባልንጀራውን ችካል አይቶ ከአጠገቡ ይተክላል እንጂ።

በእያንዳንዱ መሬት ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ መልቀቅ ያስፈልጋል። አንድ ጠጠር ወይም አንድ ጉድባ እሩሩን ሊያስተው ስለሚችል በአንድ ጊዜ ያዩትን ማመን አይገባም። ይህንንም ልጆቹ ራሳቸው ቢደርሱበት ይሻላል፤ ሁለተኛው ልቀት ከመጀመሪያው ሲለይ፥ «የትኛውን እንመን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ሦስቱም መሬት ከተሰፈረ በኋላ መምህሩ ልጆቹን በጥላ ሥር ሰብስቦ በሚከተለው ዓይነት ያነጋግራቸው።

መምህር፦ እሩሩ ርቆ የሄደው በየትኛው መሬት ነው?

ተማሪ፦ በአውድማው ላይ ነው፤ በሣሩ ላይ ግን ቶሎ ቆመ።

መምህር፦ በሁለቱም ስፍራ የለቀቅነው ከአንድ ከፍታ ነው። ጉልበቱ አልቆ ቆመ ካላችሁኝ፥ ያው ጉልበት በሣሩ ላይ ቶሎ አልቆ በአውድማው ላይ ስለምን ዘገየ?

ተማሪ፦ ሣሩ ይይዘዋል።

መምህር፦ አውድማውስ አይዘውምን?

ተማሪ፦ ይይዘዋል፤ ነገር ግን ጥቂት ነው።

መምህር፦ እንግዲያስ ፈጽሞ የማይዝ መሬት ቢገኝ፥ እሩሩ እስከ ወዴት ይሄድ ነበር?

በዚህ ስፍራ መምህሩ ዝም ይበል። ዝምታው ቢረዝምም አይቸኩል። አንዱ «እስከ ወንዙ» ይላል፤ ሌላው «እስከ ማዶው ተራራ» ይላል፤ ቆይቶም አንድ ልጅ፥ ብዙ ጊዜም በክፍል ውስጥ ዝም የሚለው፥ «አይቆምም» ይላል። ያን ጊዜ ኒውተን በ1687 የጻፈው ነገር በአንድ የገጠር ልጅ አፍ ተነግሯል። ስሙን መስጠት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚይዘው ኃይል ሰበቃ ይባላል። በእውነቱ ሣሩ ሲጎብጥ፥ አፈሩም ሲሰረጉድ፥ እሩሩም ከመሬቱ ጋር ሲተሻሽ የሚሆነው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለሕፃናት ግን ሁሉን ባንድ ስም ሰበቃ ብሎ መጥራት ይበቃል።

ከፍ ካሉት ልጆች አንዱ «የማይዝ መሬት ከወዴት ይገኛል?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ በምድር ላይ የለም ነው። አየሩ እንኳ ይይዛል። ይህን ለማሳየት አንድ ሰፊ ቅጠልና አንድ ጠጠር ከእኩል ከፍታ ይለቀቁ፤ ቅጠሉ ይዘገያል። ከዚያም ያው ቅጠል በእጅ ተጠቅልሎ እንደ ጠጠሩ ይደረግና እንደ ገና ይለቀቅ፤ ክብደቱ ሳይለወጥ ፈጥኖ ይወርዳል። አየር በሌለበት በጨረቃ ላይ በ1971 አንድ አሜሪካዊ ጠፈርተኛ መዶሻና የወፍ ላባ ባንድነት ቢለቅ፥ ሁለቱ እኩል ወረዱ። በ1977 ከምድር የተላከችው ቮያጀር የምትባለው መንኰራኵር ደግሞ፥ ወደ ፊት የሚገፋት ሞተር ሳይኖራት፥ የፀሐይ ስበት ጥቂት ቢያዘገያትም፥ በያንዳንዱ ሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘች ከምድር ትርቃለች። የሚይዛት አየርም መሬትም የለምና።

ሰበቃ ክፉ ነገር ብቻ እንዳይመስላቸው ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ትምህርት ክረምት ይመቻል። ዝናብ በጣለ ማግሥት ልጆቹን በጭቃው መንገድና በጠጠሩ መንገድ ላይ ማስኬድና፥ እግራቸው መሬቱን ወደ ኋላ ሲገፋ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ነው። ጭቃው ስለማይይዝ እግር ይንሸራተታል፤ ሰውም ወደ ፊት ሊሄድ አይችልም። የሚያቆመን ሰበቃ የሚያስኬደንም እርሱ ነው።

የሚሄድ ነገር መሄዱን የማይተው መሆኑን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ውኃ የሚቀዱ ልጃገረዶች ናቸው። እንስራ ተሸክማ የምትሄድ ልጅ ድንገት ብትቆም፥ እንስራው ይቆማል፤ ውኃው ግን ወደ ፊት ሄዶ ይፈሳል። ለመነሣትም ስትቸኩል ውኃው ወደ ኋላ ይቀራል። በዝግታ መራመድን፥ ቀስ ብሎ መቆምንም እናቷ ያስተማረቻት ስለዚህ ነው። በብዙ ትምህርት ቤት በሜዳ ላይ ሥራ በሆነ ጊዜ ወንዶቹ ሲሮጡ ሴቶቹ ዳር ቆመው ይመለከታሉ፤ ይህ ሊታረም ይገባዋል። በዚህ ነገር መምህር የሚሆኑት እነርሱ ናቸውና፥ ሁለት ቅል ውኃ አስይዞ በፊት እንዲቆሙና የሚያውቁትን ለወንዶቹ እንዲያሳዩ ማድረግ ነው። ወንዶቹ ቅሉን ይዘው ሮጠው በምልክት እንዲቆሙ ቢታዘዙ ልብሳቸውን ያረጥባሉ፤ ትምህርቱንም አይረሱትም። በበቅሎ የሄደ ሽማግሌም በመካከላቸው ቢገኝ፥ በቅሎይቱ ደንብራ ቀጥ ስትል ጋላቢው ስለምን ወደ አንገቷ እንደሚወረወር ይንገራቸው።

ይህን ሁሉ ሲያይ አንድ አባት ወደ ትምህርት ቤቱ መጥቶ፥ «መምህር ሆይ፥ እኔ ልጄን ከከብት ጥበቃ አስቀርቼ የሰደድሁት ፊደል ሊቈጥር ነው እንጂ ድንጋይ ሊያንከባልል ነውን? ድንጋይ ማንከባለልስ በኔ ዘንድም ሳለ ያውቅበት ነበር» ቢል፥ መምህሩ አይቆጣ። አባትየው ለልጁ ጊዜ የከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም፤ መልስም ሊሰጠው ይገባል። መልሱንም በቃል ከመስጠት ይልቅ፥ መኪና በሚያልፍበት አገር በሚከተለው ሥራ ላይ ጠርቶ ማሳየት ይሻላል።

በብዙ ቀበሌ ዛሬ መንገድ ገብቷል። ልጆች ከብት የሚያሻግሩት፥ ወደ ትምህርት ቤትም የሚሄዱት ያንኑ መንገድ ተሻግረው ነው። ልጁ የሚያስበው ግን ስለ ሰውና ስለ አህያ እንደሚያስበው ነው፤ ነጂው ካየኝ ይቆምልኛል ይላል። ነጂው ቢያየውም፥ ሊቆምለትም ቢወድ፥ መኪናው እንደ እሩሩ መሄዱን አይተውምና ወዲያው አይቆምም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው ልጁን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ፍሬኑ ከያዘ በኋላም፥ መኪናው ትንሽና ደኅና፥ መንገዱም ደረቅ አስፋልት ቢሆን፥ ሌላ 14 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በድምሩ 28 ሜትር ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ እግር ፍሬን እስኪደርስ 28 ሜትር፥ ፍሬን ከያዘ በኋላ ግን እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ፥ ይኸውም 56 ሜትር ይሄዳል፤ ድምሩ 84 ይሆናል። መንገዱ እርጥብ ወይም ጠጠር ሲሆን፥ ወይም ከባድ ጭነት የጫነ የጭነት መኪና ሲሆን ከዚህም ይበልጣል።

አራት እጥፍ የመሆኑን ነገር ከፍ ያሉት ልጆች በእሩሩ ሊያዩት ይችላሉ። የቀርከሃው ጫፍ አንድ ስንዝር ከፍ ባለ ጊዜ እሩሩ በሣር ላይ የደረሰበትን ይስፈሩ፤ ቀጥሎም አራት ስንዝር ከፍ አድርገው ይልቀቁት። ከፍታው አራት እጥፍ ሲሆን የእሩሩ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፤ የሚሄድበትም ርቀት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። በትክክል አራት እጥፍ ባይሆን አይገረሙ፤ እሩሩ ከቀርከሃው ወደ መሬት ሲወርድ ተጋጭቶ ጥቂት ፍጥነት ያጣልና።

ለትንንሾቹ ግን ቁጥሩን ከመንገር ይልቅ ርቀቱን ማሳየት ይበቃል። ይህም ሥራ ከመንገዱ ዳር ሳይሆን ከመንገድ ርቆ በሜዳ ላይ መሠራት አለበት። አንድ ልጅ ከብት እንደሚያሻግር ሆኖ ይቁም። ሌላው ልጅ መኪና ይሁን፤ ከእርሱ በየት ርቀት ላይ ሳለ ነጂው ቢያየው መኪናው ሊቆም እንደሚችል ሁሉም ገምተው ችካል ይትከሉ። ብዙዎቹ አምስት ወይም አሥር እርምጃ ያህል አርቀው እንደሚተክሉ መምህሩ ይጠብቅ። ከዚያም በገመድ ተሰፍሮ በ28ኛው ሜትር ላይ አንድ ችካል፥ በ84ኛው ሜትር ላይ ሌላ ችካል ይተከል፤ በዚያም ልጆች ይቁሙ። ከብት አሻጋሪው ልጅ በሩቅ የቆመውን ባልንጀራውን አይቶ፥ መኪናው ገና በዚያ ሳለ መንገዱን መልቀቅ እንዳለበት ለሌሎቹ በራሱ ቃል ይንገራቸው። በሥራው ላይ የተጠራው አባትም የራሱን ግምት እንዲተክል ቢለመን ደስ ይለዋል፤ በአህያና በበቅሎ የለመደ ሰው ነውና የእርሱም ችካል ከልጆቹ ብዙ እንደማይርቅ መምህሩ አስቀድሞ ይወቅ፥ በፊታቸውም አያሳፍረው።

ገመድ በሌለበት ስፍራ የረጅም ሰው ሰፊ እርምጃ አንድ ሜትር ያህል ስለሚሆን በእርሱ መስፈር ይቻላል። ችካሎቹም በዚያው ቀን አይነቀሉ፤ ትምህርት ቤት ያልገቡት እረኞች ማታ ከብታቸውን ሲመልሱ አይተው ከተማሪዎቹ ይጠይቁ ዘንድ እስከ ማግሥቱ ይቆዩ።